ፌሮው ሁለት ጊዜ መለሰ

ልጅ እያለሁ ቤታችን ጣና ዳር፣ ደንገሉ ከሚጀምርበት አጠገብ ነበር። የዓሣና የረጠበ ደንገል ሽታ ከልብሳችን አይለቅም። አንድ ክረምት መንገድ ሊወጣ ነው ተባለና በጓሯችን ችካል ተተከለ። እማዬ እህል ውኃ አልቀምስ አለች። ያኔ በሰፈራችን ክርስትና ሳይነሣ የሞተ ሕፃን በማሰሮ ተደርጎ ጓሮ ነበር የሚቀበረው። የበኩር ልጇ እዚያ ነበር፤ ለምልክት የተወችው ዛፍ ግን ከተቆረጠ ቆይቷል፣ ቦታው ጠፍቷታል። «ዶዘር ልጄን ሲያገላብጠው ቆሜ አላይም» አለች።

ጎረቤታችንን ጋሽ አዳሙን ለመነቻቸው። የቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ፤ አፈር የዋጠውን ቧንቧ የሚፈልጉት በሾለ ፌሮ ነው። ጠዋት፣ ጭጋጉ ከሐይቁ ሳይነሣ መጡ። መጀመሪያ ሣሩን አዩ፤ ተቆፍሮ በተመለሰ አፈር ላይ ይበልጥ ይለመልማል አሉ። ከዚያ ፌሮውን እየሰኩ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው በጠጠር መታ መታ ያደርጉታል። ድንጋይ ሲነካ ደረቅ ድምፅ ነው፣ ሸክላ ሲነካ ግን ያስተጋባል።

እኔ ነገረኛዋ ከሥራቸው አልጠፋ ብል «ነይ እናኑ፣ ስሚ» አሉኝ። ጆሮዬን ለጠፍሁ። ብረቱ ይቀዘቅዛል። ከውስጥ ድው፣ ድው ይላል። ወይኔ! ከታች ሰው ያለ መሰለኝ፤ የገዛ ደም ሥሬ መሆኑን ማን ይንገረኝ?

«ተገኘ!» አሉ ጋሽ አዳሙ። እማዬ ተደፍታ መሬቱን ሳመች። እሳቸው ግን አንድ ክንድ ያህል ፈቀቅ ብለው ደግመው ሰኩ፣ መቱ፣ አዳመጡ።

«ኧረ እትዬ፣ ሁለት ናቸው እኮ!»

እማዬ ቀና ስትል እሳቸውን አላየችም። እኔን ነው ያየችኝ። ያን አስተያየቷን እስከ ዛሬ እፈራዋለሁ። «ሁለቱንም ያውጡልኝ» አለች ቀስ ብላ። መንገዱ አስነሥቶን ወደ አዲስ ቤት ስንገባ ሁለቱንም ጓሮው ውስጥ አሳረፈቻቸው። ሁለተኛው ማን እንደሆነ ብጠይቃት ውኃ ቅጂ ብላ ላከችኝ፤ እኔም ተውሁት።

ዘንድሮ ልጅ ወለድሁና ስም ስንመርጥ እንደገና ጠየቅኋት።

«መንታሽ ናት» አለችኝ። «እሷ ደኅና ነበረች፤ በሽተኛዋስ አንቺ ነበርሽ። አትተርፍም ብዬ ስም እንኳ አላወጣሁልሽም ነበር። እናኑ የእሷ ስም ነው። ድንገት ስትሞትብኝ፣ ስሙ አብሯት አፈር እንዳይገባ ላንቺ ሰጠሁሽ።»

ልጅ እያለሁ እማዬ ከጓሮ «እናኑ!» ስትል «አቤት!» እያልሁ እየሮጥሁ ነበር የምደርሰው። አሁንም ትጠራኛለች። ቶሎ አልመልስም፤ መጀመሪያ መንታዬን ትንሽ እጠብቃታለሁ።