ለማንም ያልነገርኩት እርግዝና

ቴፒ ቡና እርሻ ውስጥ ስንኖር የመጀመሪያ ልጄ ገና ጡት መጣሏ ነበር። ሁለተኛ ማርገዜ ሲገባኝ ለባለቤቴ ብቻ ነገርኩት። ሆዴ ሳይገፋ ወሬው ከወጣ ዓይን ይበላዋል ብዬ እፈራ ነበር። እኔ ድሮም ፈሪ ነኝ፤ ልጄ ስታስነጥስ እንኳ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ከዚያ ጥቂት ደም አየሁ፤ ጠቆር ያለ። ቀኝ ጎኔንም ከታች በኩል ይወጋኝ ጀመር። ወረደብኝ ብዬ እንዳላለቅስ ደሙ ትንሽ ነው፤ ደህና ነው እንዳልል ሕመሙ አልተወኝም። የለቀማ ወቅት ስለነበር ከሥራ አልቀረሁም።

አንድ ቀን ጠዋት ቀይ ቡና በጆንያ ተሸክሜ መመዘኛው ጋ አድርሼ ስመለስ የትከሻዬን ጫፍ እንደ ቢላ ወጋኝ። ጋደም ስል ባሰብኝ። እትዬ የምላቸው የከፋ ተወላጅ ጎረቤታችን ቅቤ ይዘው መጡና ያሹኝ ጀመሩ።

«እርሻውን ሁሉ ለብቻሽ ልትለቅሚው ነው እንዴ፣ አንቺ? ለሌላውም ተይለት እንጂ!»

ሳቅሁ። ልጄ ውሃ ስትለኝ ልሰጣት ብድግ አልኩ፤ ዓይኔ ጨለመ።

የነቃሁት ቡና ጫኝ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ነው። ባለቤቴ አቅፎኛል። ሆስፒታሉ ወዳለበት ወደ አማን የሚወስደው መንገድ ያኔ ኮረኮንች ነበር፤ መኪናው በዘለለ ቁጥር ሆዴ ይቆረጣል። ልጄን እትዬ ጋ ትተናት ነው የመጣነው። ብሞት ፀጉሯን ማን ያበጥርላታል እያልኩ እሷን ብቻ አስባለሁ።

ሆስፒታል ዶክተሩ የዓይኔን ቆብ ገለጥ አድርገው አዩ፤ ሆዴን ሲነኩኝ ጮህኩ።

«የወር አበባሽ ቀርቶ ነበር?»

«አዎ።»

«ትከሻሽንስ ያምሻል?»

«ማን ነገረዎት?»

«ትከሻሽ ምንም አልሆነም። ፅንሱ ያደረው ከማህፀን ውጭ፣ ወደ ማህፀን በሚወስደው ቱቦ ውስጥ ነው። ቱቦው ፈንድቶ ሆድሽ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነው፤ ትከሻሽ ላይ የሚሰማሽ እሱ ነው። አሁኑኑ ኦፕራሲዮን ካልሆንሽ እናጣሻለን።»

«ታዲያ ስትከፍቱኝ ወደ ቦታው አትመልሱልኝም?»

ዶክተሩ እጄን ያዙና «አይቻልም፣ እህቴ» አሉኝ።

ባለቤቴ ደም ሰጠ። የፈነዳውን ቱቦ ቆርጠው አወጡ፤ እኔ ተረፍኩ። ስወጣ ዶክተሩ «አንዱ ቱቦ እንዳለ ነው፤ ሌላ ጊዜ የወር አበባሽ ከቀረ ሕመም ሳትጠብቂ ቶሎ ነይ» አሉኝ። በዘገየብኝ ቁጥር እየሮጥኩ ሄጃለሁ። አንድም ቀን አርግዘሻል አልተባልኩም።

ቤት ስገባ ጎረቤቶች አጥሚት ይዘው መጡ። እንኳን ማርያም ማረችሽ የሚለኝ የለም፤ እግዜር ያጽናሽ የሚለኝም የለም። ባለቤቴ ትርፍ አንጀት ነው ብሏቸው ነበር። እትዬ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጠው ትከሻዬን እየዳበሱ፦

«እንኳን ወጣልሽ የኔ እህት፤ ለምንም የማይረባ ነገር ነው አሉ» አሉኝ።

«አዎ፣ እትዬ» አልኳቸው። ልጄን ወደ ደረቴ ሳብኳትና ፊቴን ፀጉሯ ውስጥ ደበቅሁ።