በእሺታቸው የተያዙት ሽማግሌ

አቶ ክንዱ በባሕር ዳር ከታወቁት አስታራቂ ሽማግሎች አንዱ ናቸው። የታወቁት ግን በንግግር እንዳይመስላችሁ። ሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ይቀመጣሉ፤ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል ተክለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ባልም ሚስትም፣ ድንበር የገፋም የተገፋም፣ ያለውን ብሎ ሊጨርስ ሲል አቶ ክንዱ በድንገት «እህ!» ብለው ይነቃነቃሉ። ያን ጊዜ የዋሸ ይደነግጣል፤ የካደ ያምናል። «ዝም አይነቅዝም፤ ሰውዬው ልብ ያነባሉ» ይባልላቸዋል።

እውነቱን ልንገራችሁ? ይተኛሉ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተኝተው ነው ያስታረቁት! ቀን በጀልባ ማኅበሩ ቢሮ ትኬት እየቆረጡ ይተኛሉ፤ ማታ ወደ ዘንዘልማ በሚወስዳቸው ሚኒባስ ይተኛሉ። ሌሊቱን ሙሉ ተኝተው አድረውም ጠዋት ሲነሡ ጉድጓድ ሲቆፍር ያደረ ሰው ይመስላሉ። ዋርካው ሥር መተኛታቸውን የሚያውቁት እሳቸውና እግዜር ብቻ ይመስላቸው ነበር።

ታዲያ ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሸዋዬ ሻንጣቸውን ሸክፈው ማክሰኝት እኅታቸው ቤት ለመሄድ ተነሡ። ሠላሳ ዓመት አብረው የኖሩ ሴት! ሽማግሌ ተጠራ፤ በዚያው ዋርካ ሥር። የዚያን ዕለት አቶ ክንዱ የተቀመጡት በተከሳሽ ቦታ ነው። ሸዋዬ ጀመሩ። «ሽማግሎች፣ እኔ በዚህ ሰው ላይ ክፉ ቃል የለኝም። ሌሊት ሲተኛ ግን...» አሉ። ከሐይቁ ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ መጣ። አቶ ክንዱ ከዚህ በኋላ የሰሙት የለም።

«እህ!» ብለው ሲነቁ ሽማግሎቹ ሁሉ እያዩዋቸው ነው። የሰብሳቢው የአቶ አስማማው ዓይን እንባ አቅርሯል።

«ሰምተሃል፣ ክንዱ። በተባለው ትስማማለህ?»

ምን ይበሉ? ተኝቼ ነበር ይበሉ? በእሳቸው «እህ!» የታረቀ ሕዝብ ሁሉ ምን ይላቸዋል?

«እሺ፣ ተስማምቻለሁ» አሉ።

«እንግዲያው ያን እስክትፈጽም ሸዋዬ ማክሰኝት ትቆያለች» ተባለ። ምርቃቱ ተሰጠና ሁሉም ተበተነ። አቶ ክንዱ የማያውቁትን ቃል ተሸክመው ወደ ባዶ ቤታቸው ገቡ።

ማንኮራፋታቸውን ያውቁታል፤ የሩቅ ጎረቤትም ያውቀዋል። «ጩኸቴ ነው ያስመረራት» ብለው ደመደሙ። በማግስቱ አልጋቸውን ግቢው ጥግ ወዳለችው ሰርቪስ ቤት አዛወሩና ደወሉ።

«ሸዋዬ፣ ችግሩ ተፈቷል! ከእንግዲህ ሰርቪስ ቤት በሩን ዘግቼ ብቻዬን ነው የምተኛው።»

 ሸዋዬ «ጭራሽ ብቻህን?» ብለው ጆሯቸው ላይ ዘጉባቸው።

በሚቀጥለው ሳምንት ለጆሮ የሚሆን ጥጥ ላኩ። ጥጡ ሳይከፈት ተመለሰ። በሦስተኛው ሳምንት የጓሮውን አጥር አሳደሱ፤ ምናልባት የተስማማሁት አጥሩን ይሆናል ብለው እኮ ነው! አጥሩ አማረ፤ ሸዋዬ ግን አልመጡም። አቶ ክንዱ ሽሮ መሥራት ተማሩ፤ ሽሮው እያረረ፣ ቤቱም ጭር እያለ አስቸገራቸው።

በወሩ አንጀታቸው አልችል አለና አስማማው ቤት ሄዱ።

«አስማማው፣ የዚያን ዕለት ምን ነበር የተስማማሁት?»

«እንዴት ምን ነበር?»

«ተኝቼ ነበር።»

«ሚስትህ እያለቀሰች?»

«ተኝቼ ነበር አልሁህ እኮ!»

አስማማው አፍጥጠው አዩዋቸው። ቀስ ብሎ ደግሞ ፊታቸው ተለዋወጠ። «የእኔና የወንድሜ የመሬት ክርክርስ?»

«መግቢያውን ሰምቻለሁ።»

«እኔ እኮ አንተ ‹እህ!› ስትል ደንግጬ ነው ሦስት ክንድ መሬት የለቀቅሁት!»

ሊቆጡ ፈልገው ነበር፤ ሳቁ ቀደማቸው። ሆዳቸውን ይዘው ከሳቁ በኋላ «ሐኪም ዘንድ እታያለሁ ብለህ ነው የተስማማኸው፣ አንተ እንቅልፋም! ለምን እንደሆነ ግን ከራሷ ስማ፤ እኔ አልደግመውም» አሉ።

ሐኪሙ ጣታቸውና ደረታቸው ላይ መለኪያ አስሮ አሳደራቸው። ለካ ትንፋሻቸው በሰዓት ሃያ ጊዜ ያህል ይቋረጣል! በተቋረጠ ቁጥር አንጎላቸው ደንግጦ ይቀሰቅሳቸዋል፤ ሳይታወቃቸው ሲነቁ ያድሩና እንቅልፉን ቀን ይከፍሉታል። ሕመሙ ለጠናበት በጭንብል አየር የሚነፋ መሣሪያ አለ፤ የእሳቸው መካከለኛ ስለሆነ ወደ ጥርስ ሐኪሟ ወደ ዶክተር ሪሃብ ተላኩ።

«አባቴ፣ ሲተኙ ምላስዎ ወደ ኋላ እየወደቀ ጉሮሮዎን ይዘጋዋል» አለቻቸው። «ይህ ፕላስቲክ በጥርስዎ ልክ የተሠራ ነው፤ ማታ ማታ ከላይኛውም ከታችኛውም ጥርስ ላይ ይገባል። የታችኛውን መንጋጋ ትንሽ ወደ ፊት ይዞ ያድርና ጉሮሮው ክፍት ይሆናል።»

«ልጓም ነው በይኛ!»

«ልጓም ይበሉት። በጎንዎ ይተኙ፤ የማታዋን አረቄም ይተዉ።»

«ልጓሙስ ይሁን» አሉ አቶ ክንዱ፣ ለአረቄዋ አዝነው።

የመጀመሪያው ሳምንት መንጋጋቸው ታመመ፤ ትራሳቸውም በለሃጭ ራሰ። ዶክተሯ ጥቂት በጥቂት አስተካከለችላቸው። አንድ ቀን ሚኒባሱ ዘንዘልማ ሲደርስ ራሳቸው «ወራጅ አለ!» ቢሉ ሾፌሩ ዞሮ አያቸው። ልኬቱ ሲደገም ሃያው ወደ አራት ወርዷል። ወረቀቱን ይዘው ማክሰኝት ገሠገሡ።

ሸዋዬ ከስተዋል። «እዚህም አትተኛም፤ ቁጭ ብላ ነው የምታድረው» አሉ እኅታቸው። ባልና ሚስት በረንዳ ላይ ተቀመጡ፤ አቶ ክንዱ ወረቀቱን ሰጥተው የልጓሙን ነገር አጫወቷቸው።

«ሸዋዬ፣ ያን ዕለት ለሽማግሎች ያልሽውን ድገሚልኝ። ተኝቼ ነበር።»

«አውቃለሁ። አንተ መተኛትህን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? እስክትጠይቀኝ ነበር የጠበቅሁ።»

ወረቀቱን እያጣጠፉ ቀጠሉ። «ማንኮራፋትህን ለምጄዋለሁ፤ ወፍጮ ቤት አጠገብ የሚኖርስ ይተኛ የለ? ዝም ስትል ነው ጣጣው። ዝም ስትል እቆጥራለሁ። አሥር፣ ሃያ... አንድ ሌሊት አርባ አምስት ቆጠርሁ። እጄን ደረትህ ላይ አድርጌ ‹በቃ፣ ዛሬ ቀረ› እላለሁ። እንደገና ስታንኮራፋ ተመስገን ብዬ አለቅሳለሁ። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስልህ ትስቃለህ። ስድስት ዓመት እንዲህ አደርሁ፣ ክንዱ። አንድ ቀን ሬሳህን ታቅፌ ከማድር ብዬ ነው የሄድሁ።»

አቶ ክንዱ ዓይናቸውን አንዴም አልከደኑም። እንባቸው ጢማቸው ድረስ ወረደ።

«አሁን ልጓሙ ካለ ግን...» አሉ ሸዋዬ፤ ቃላቸውን አልጨረሱትም። አንገታቸው ዘንበል ብሎ ባላቸው ትከሻ ላይ አረፈ።

እኅታቸው «ምሳ ደርሷል!» እያሉ ብቅ አሉ። አቶ ክንዱ ትከሻቸውን ሳያነቃንቁ እጃቸውን አወዛወዙ።

«ቀስ በይ» አሉ በሹክሹክታ። «ገና መተኛቷ ነው።»