እጄ ቀድሞ ሲነሳ

ከቤት የወጣሁት ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ባባራበት ጠዋት ነው። አባቴ ከመንደራችን ከቁሐር ሚካኤል እስከ አስፋልቱ ድረስ ጭቃውን እየረገጠ ሸኘኝ፤ እናቴ ደጃፍ ላይ ቀረች። ታናሽ እህቴ ብርቄ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች አልተነሳችም። «ብርቄ፣ ልሄድ ነው» ስላት ትከሻዋ ብቻ ተነቃነቀ።

የአገሬ ሰው ለሥራ እንደሄድሁ ነው የሚያውቀው። እውነቱን እዚህ ልጻፈው። ከመሄዴ አንድ ዓመት በፊት ከብርቄ ጋር ከወረታ ገበያ ስንመለስ፣ ከሩዝ ማሳው ዳር ካለው ረጅም ሣር ውስጥ ሁለት ሰዎች ድንገት ወጡብን። አንደኛው ዱላ ሰነዘረ። እኔ ፊቴን በሁለት እጄ ከድኜ ቁጢጥ አልሁ። ብርቄ ዱላውን በክንዷ ተቀበለችው። ስልካችንን ነጥቀው ሲሄዱ እኔ ገና ፊቴን አልገለጥሁም ነበር። ወጌሻ ቢያሸውም ሐኪም ቢያየውም ግራ ክንዷ ከዚያ ወዲህ አልተዘረጋም። እናቴ አንድ ጊዜ ብቻ «አንቺ የት ነበርሽ?» አለችኝ። ደግማ አልጠየቀችኝም፤ እኔ ግን በየቀኑ ይሰማኝ ጀመር። ወደ ዓረብ አገር የሚልክ ኤጀንሲ ሄጄ የተመዘገብሁት ለዚህ ነው።

ቤሩት በገባሁ ማግስት ማዳሟ ሩዝ አጠባ ልታሳየኝ ወጥ ቤት ወሰደችኝ። «ይኼ ሩዝ ነው። አገራችሁ አለ?» አለችኝ፣ በአፏም በእጇም። ውኃው እስከ ጉልበቴ ደርሶ ያረምሁት እህል መሆኑን የምነግርበት አረብኛ አልነበረኝምና «የለም» አልሁ። ደስ አላት። እነሱ ሸዕሪያ የሚሉትን እንደ ክር የቀጠነ ፓስታ በቅቤ ጠብሰው ጨምረው በማንኪያ ይበሉታል፤ እኔ ሩዙ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ የሚጋገረው እንጀራችን እያማረኝ ሳህን አጥብ ነበር።

ኮንትራቴ ሲያልቅ የራሴን ክፍል ተከራየሁ። የሕንጻው የውጭ በር አይዘጋም። ባለቤቱን አቡ ሰሚርን ቁልፍ እንዲያስገባ ለመንሁት።

«እዚህ ሌባ የለም» አለኝ።

«የእርስዎ በር ታዲያ ሦስት ቁልፍ ለምን አለው?»

«እኔማ ዕቃ አለኝ።»

እሑድ እሑድ የአገራችን ሴቶች ከሚሰበሰቡበት አዳራሽ እትዬ ዘነበችን ያገኘኋት በዚያ ሰሞን ነው። የወሎ ሴት ናት፤ ጂም ስታጸዳ ብዙ ዓመት ኖራ፣ እዚያ ያየችውንና የተማረችውን ራስ መከላከል ለእኛ ታስተምራለች። የመጀመሪያ ቀን ወሬ እያወራችልን ሳለች ድንገት ትራስ ወረወረችብን። ሁላችንም አንገታችንን ቀብረን እጃችንን ፊታችን ላይ አነሳን።

«ይኼን ማን አስተማራችሁ?» አለች።

«ማንም» አልናት።

«አያችሁ? ሐሳብ ሳይደርስ እጅ ይደርሳል። ድንገት የመጣን ነገር ቆሞ የሚያስብ ሰው የለም። እኔ እጃችሁን አታንሱ አልልም፤ ከእሱ ነው የምጀምረው። እጃችሁ ፊታችሁ ጋ ደርሷል አይደል? ጋሻ ሆኗል። አሁን እዚያው እንዳለ ክንዳችሁን ወደፊት፣ ወደ ሰውየው ግፉት። ከዚያ ጮኻችሁ ሩጡ።»

ትምህርቱ ሲያልቅ ለብቻዋ ጠየቅኋት። «አጠገብሽ ሌላ ሰው እየተመታ ፊትሽን ከከደንሽስ?»

የወረወረችውን ትራስ ከመሬት አነሳች። «መክደኑ የአንቺ ጥፋት አይደለም፣ እህቴ። ቀጥሎ ያለውን ያሳየሽ ስላልነበረ ነው።»

ወራት ተለማመድን። አንድ አመሻሽ ከሥራ ስመለስ መብራት ጠፍቶ ደረጃው ጨልሟል። ከሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ አንድ ሰው ዘሎ አንገቴን ሊይዝ መጣ። እጄ ፊቴ ላይ ወጣ፣ እንደዚያን ቀን። ከዚያ ግን ክንዴ ወደፊት ሄደ፤ አጥንት ሲመታ ተሰማኝ። ጮኽሁ፤ ወደ መንገዱ ሮጥሁ። ሰውየውም በሌላ በኩል አመለጠ።

አቡ ሰሚር በፒጃማ ወረደ። «ምን ወሰደብሽ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ያስጮኻል? ፖሊስ ልጥራ? እነሱ መጀመሪያ የሚጠይቁት ኢቃማሽን ነው።»

የመኖሪያ ፈቃዴ ቀኑ ካለፈ ቆይቷል። ወደ ክፍሌ ወጣሁ። ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። ያ ክንድ ያን ቀን ሣሩ ዳር ቢሄድ ኖሮ እያልሁ አለቀስሁ።

በማግስቱ ለብርቄ ደወልሁ። ሁልጊዜ እናቴን ነበር የማወራው፤ እሷን «አቅርቡልኝ» ብዬ አላውቅም። ስለ ደረጃው አልነገርኋትም። የእትዬ ዘነበችን ነገር ግን ሁሉንም ነገርኋት፤ እጅ ከሐሳብ ቀድሞ እንደሚነሳ፣ ያን ቀን ትቻት እንዳልሆነ።

 ከስልኩ ማዶ ላሞች ሲገቡ ይሰማኛል።

«እታለም» አለችኝ፤ «እኔ እኮ በዚያ ተቀይሜሽ አላውቅም። እናታችን ናት የጠየቀችሽ እንጂ እኔ ጠይቄሻለሁ?»

«አልጠየቅሽኝም።»

«ያን ቀንስ እጅሽ ነው እንበል። አረሙ ሲደርስ፣ በአንድ እጄ ማሳው ውስጥ ጥለሽኝ የሄድሽውስ? እሱም ሳታስቢው ነው?»

 ስሟን ብቻ ጠራሁ።

«በይ፣ እማዬ እየጠራችኝ ነው» ብላ ስልኩን ዘጋችው። የጠራት ድምፅ ግን አልሰማሁም።