በሳተላይት ፎቶ ርብን ስንሻገር

ነሐሴ ነበር። ከይፋግ ለቀን ወረታ እንድንገባ በጠዋት ታዘዝን። ያኔ ጠላት የምንለው ወገን የመኪናውን መንገድ ዘግቶ የርብን ድልድይ ይዟል። የቀረን የፎገራ ሜዳ ነው፤ እሱም ላይ ውኃ ተኝቷል።

ሻምበላችን የጥይት ሣጥን ላይ ፎቶግራፍ ዘረጋ። ከሶቪየት አገር የመጣ፣ ሳተላይት ያነሳው ነው። ለመድፈኞች ኢላማ መፈለጊያ ነበር፤ እኛ መንገድ ፈለግንበት። የወረታ ቆርቆሮ ቤቶች ሳይቀሩ ይታያሉ።

«በበጋ የተነሳ ነው፤ ውኃውን አያሳየንም» አለ ሻምበሉ። «ጥቋቁሩ ነጥብ ግን የቤተ ክርስቲያን ዛፍ ነው፤ ከፍታ ላይ ነው። ከአንዱ ወደ አንዱ እንሄዳለን።»

መትረየስ ተኳሻችን ሰይድ የወረታ ልጅ ነው። ጎንበስ ብሎ አየና «ያስኬዳል» አለ።

ፎቶው አልዋሸንም። ውኃው ከጉልበት፣ አንዳንድ ቦታ ከወገብ አላለፈም። እኩለ ቀን ላይ ከመንገዱ በኩል ሞርታር ተጀመረ። መደበቂያ የለም። ዝም ብለን ተራመድን። ከጎኔ የነበረው ታደሰ ሆዱን ተመታ። ተሸክመነው ርብ ዳር ካለው ደብር ደረስን።

ወንዙ ሞልቷል። ቁስለኛ ይዞ መሻገር አይቻልም። የደብሩ ቄስ ወጥተው አዩት።

«የወታደር ልብሱን አውልቁና እዚሁ ተዉልኝ።»

«አባቴ፣ ቢደርሱበት ለእርስዎም አይበጅዎትም» አላቸው ሻምበሉ።

«ልጄ ነው እላቸዋለሁ።»

ታደሰ «ሂዱ» አለን።

ገመድ ዘርግተን ገባን። ከድልድዩ በኩል ተኮሱብን። ሰይድ ወንዙ መሃል ነበር። መትረየሱን አልለቀቀም። ጎርፉ ይዞት ሄደ።

ሳይመሽ ወረታ ገባን። ሻምበሉ ስም ጠራ። ወንዙ የወሰዳቸው ሰባት ሰዎች «አቤት» አላሉም። ታደሰን ከሙታን አልቆጠርነውም። ለሰይድ አባት የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ሱቃቸውን ዘግተው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ወደ ደብሩ ሄድኩ። ታደሰ በማግስቱ አርፎ ኖሯል። ቄሱ እንደ ልጃቸው ቀብረው ተዝካሩን አውጥተውለታል። መቃብሩን አሳዩኝ። ስምንት፣ አልኩ በልቤ። ሌላ የተሰማኝ ነገር የለም።

«እናቱን ካገኘሃት፣ ብቻውን አልነበረም በላት» አሉኝ።

ፈልጌ አገኘኋት፤ ነገርኳት። ከስምንቱ እናቶች ልጇ የት እንደተቀበረ የምታውቅ እሷ ብቻ ናት።