የአጎቴን አሟሟት የደበቅንበት ቀን

ነገሩ የሆነው በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ እኔ ለጥር ሠርግ በታጨሁበት ዓመት ነው። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይህ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ታላቅ ወንድሜ አንማው ለቀን ሥራ ቆላ ወርዶ ኅዳር ላይ ወባ ይዞት ተመለሰ። ከጅጋ አጠገብ ካለው ቤታችን እስከ ፍኖተ ሰላም ክሊኒክ በቃሬዛ ወሰድነው። ከተሸካሚዎቹ አንዱ የእጮኛዬ አጎት ነበሩ።

በሽተኛ የሚያክመው የክሊኒኩ ድሬሰር ጠንቃቃ ሰው ነበር። ክኒኑን ከመስጠቱ በፊት እናቴን፣ «ይህ መድኃኒት የማይስማማው ዘር አለ። ከዘመድዎ የወባ ክኒን ውጦ ሽንቱ የጠቆረ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ያውቃሉ?» ሲል ጠየቃት።

ነበረ እንጂ! የእናቴ ወንድም ቡሬ ላይ እንዲያ ሆኖ ነው የሞተው። ያስታመምኩት እኔ ነኝ፤ ሽንቱ እንደ ጥቁር ጠላ ነበር። ለሰው ግን «ምች መታው» ብለን ቀበርነው። በእኛ አገር ሽማግሌ ሲላክ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዘር ነው። «የበሽታ ዘር አለባቸው» ከተባለ ሴት ልጅ ቆማ ትቀራለች።

እናቴ የእጮኛዬን አጎት ሰረቅ አድርጋ አየችና፣ «ኧረ የለብንም ልጄ! የእኛ ዘር ንጹሕ ነው» አለች።

ድሬሰሩ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ፣ እኅቴ?»

«አልሰማሁም» አልኩ። ለትዳሬ ሳሳሁ፤ እውነቱ ይኸው ነው።

ክኒኑን ይዘን ቤት በገባን በሦስተኛው ቀን የአንማው ሽንት ጠቆረ። ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤ ከመደብ መነሣት አቃተው። እናቴ የቀረውን ክኒን ከሰው ተደብቃ ምድጃ ውስጥ ጣለችው። ያኔ እንኳ ወደ ክሊኒክ እንመልሰው አላልኩም፤ ስለት ብቻ ተሳልኩ። እግዚአብሔር አተረፈው እንጂ እኛማ ገድለነው ነበር። በሠርጌ ዕለት በዱላ ተደግፎ ወጥቶ መረቀኝ።

ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ሐኪም ነገሩ መርገም እንዳልሆነ፣ ያለበት ወንድ ለሴቶች ልጆቹ፣ እነሱም ሳያማቸው ለወንዶች ልጆቻቸው የሚያስተላልፉት መሆኑን አስረዳኝ። ለልጆቼ የክኒኑን ነገር ነገርኩ። ለአንማው ግን አፌ እንቢ አለኝ። እሱ ደግሞ ሴቶች ልጆች አሉት፤ ወባ ባለበት አገር ወንዶች ወልደዋል።

እናቴ ሞታለች፤ ድሬሰሩን የመዋሸታችን ምስጢር እኔ ዘንድ ብቻ ቀረ። እፈራለሁ፤ አፍራለሁም። የአንማው ዓይን ስለደከመ ይህን የሚያነቡለት የልጅ ልጆቹ ናቸው። የወባ ክኒን ሲታዘዝላቸው አስቀድመው ይናገሩ። እሱ ግን ያን ቀን እያወቅሁ «አልሰማሁም» ማለቴን ከሰማ በኋላ «እኅቴ» ይለኝ እንደሆነ አላውቅም።