ባለጆሮው እና ነጯ ላንድሮቨር

በዚያ ጋራዥ ግቢ የሰውየውን ስም የምታውቅ ሚስቱ ብቻ ናት፤ እሷም የምትጠራው ስትቆጣ ነው። ለሌላው ሰው ሁሉ «ባለጆሮው» ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አሮጌ ላንድሮቨር ሲጠግን ኖሯል። ሌላ ዓይነት መኪና ይዞ የመጣ ሰው ፊቱን አይቶ ይመለሳል። ሰውየው አይሳደብም፤ መኪናዋን እንደ ሐብሐብ በጣቱ መታ መታ አድርጎ ዝም ነው የሚለው።

ቅጽል ስሙ የመጣው ከመዶሻው ነው። መኪና ሩቅ መንገድ ከመሄዷ በፊት በጀርባው ተንጋልሎ ከሥሯ ይገባል። መላ አካሏን የተሸከመውን ሻንሲ በትንሽ መዶሻ ከፊት እስከ ኋላ ስንዝር በስንዝር ይመታዋል። ጤነኛ ብረት ይጮኻል፤ የታመመ ብረት ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ጨርሶ ሲወጣ አቧራውን አራግፎ አንድ ቃል ብቻ ይናገራል፤ «ትሄዳለች» ወይም «አትሄድም»። ይግባኝ የለውም። አንድ ጊዜ አንድ ባለሥልጣን «አትሄድም» ተብሎ ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ ቢያስፈራራ ስላልሆነለት በአውቶቡስ ሄዷል።

ስለ ላንድሮቨር ካነሱበት ግን ምላሱ ይፈታል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጀመሪያው ንድፍ የተጫረው በባሕር ጠርዝ አሸዋ ላይ ነው ይባላል። «አስበው እንግዲህ፣» ይላል ደንበኛውን ትከሻውን ይዞ፣ «ማዕበሉ ቢቀድማቸው ኖሮ እኔ ይኸኔ ጫማ ሰፊ ነበርኩ!» በዚያን ጊዜ ብረት በራሽን ስለነበር ገላዋን ከአሉሚኒየም ሠሩት። የመጀመሪያዎቹንም ከአውሮፕላን የተረፈ አረንጓዴ ቀለም ቀቧቸው። ዘመኑ እስኪቃና ለገበሬ መሸጋገሪያ ትሁን ተብላ የተሠራች መኪና፣ ስንቱን የተከበረ መኪና ቀብራ ኖረች። መፍቻና ትዕግሥት ያለው ሰው መንገድ ዳር ይፈታታል፣ መንገድ ዳር ይገጥማታል። ውጭ ሲዘንብ ውስጥም ያካፋል፤ እሱ ግን ይህን ነውር ሲያወሩባት አይወድም።

«ገላዋ አይዝግም፣» ይላል በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰው የሚታለለውም በገላዋ ነው። ሻንሲዋ ግን ብረት ነው፤ አራት ዝርግ ብረት ተበይዶ እንደ ሳጥን የተገጠመ፣ ውስጡ ባዶ። ሃምሳ ዓመት ውሃና ጭቃ ከጠጣ ከውስጥ ነው የሚበላው። ስለዚህ ፊቷን አይቼ አላውቅም፤ አጥንቷን ነው የምጠይቀው።»

አሁን ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። ባለጆሮው ጆሮው ከሄደ ሁለት ዓመት ሆኖታል። መጀመሪያ የስልኩን ጥሪ አጣው፣ ቀጥሎ የበሩን ማንኳኳት፣ በመጨረሻም መዶሻውን። ሠላሳ ዓመት ብረት ሲቀጠቀጥበት የኖረ ጆሮ ምን ያድርግ? ለማንም አልተናገረም። ደንበኛን ፊት ለፊት አቁሞ ከንፈሩን ማየት ለመደ፤ ሰው ሲስቅ ይስቃል፤ ከኋላው ሲጠሩት ዝም ካለ «ሐሳብ ይዞት ነው» ይሉታል። ከመኪናው ሥር ደግሞ በእጁ መስማት ጀመረ። ጤነኛ ብረት መዶሻውን ወዲያው ይመልሰዋል፣ የበሰበሰ ብረት ይቀበለዋል። እጁ ሁለት ዓመት ሙሉ አልዋሸውም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ይህ ብልሃት ሳይሆን ኩራት ነው፤ ኩራት ደግሞ እጅ ስለማይዋሽ ብቻ ምሕረት አያገኝም።

ያን ዕለት ጠዋት የጤና ጣቢያው ነጯ ላንድሮቨር መጣች። ባለፈው ክረምት ወንዝ ውስጥ ሙሉ ቀን ተቀርቅራ የዋለች ናት። አሁን ክትባት ጭና ከገደሉ ማዶ ወዳሉት መንደሮች ልትሄድ ነው። ከፊት ወሬ የማያልቅበት ሾፌር ተቀምጧል፤ ከጎኑ ነጭ ጋዋን የለበሰችው ነርስ። ነርሷ የባለጆሮው አንድያ ልጅ ናት።

እንደ ልማዱ ከሥር ገባ። መታ፣ መታ፣ መታ። ከፊት እስከ ኋላ መዶሻው በእጁ ላይ እየነጠረ ተመለሰለት። ወጣ፤ አቧራውን አራገፈ።

«ትሄዳለች።»

ልጁ በመስኮት ጎንበስ ብላ ጉንጩን ሳመችው። ሁለት ሰዓት ላይ ሄዱ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት ክፍሏን ከጋራዡ የሚለየው አንድ ቀጭን ግድግዳ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ውሃ በብርጭቆ ይዛለት ወጣች።

«ዛሬ የነጯን ኋላ ምን ብታደርገው ነው እንዲያ ድፍን ያለው?» አለችው።

ከንፈሯን አየ፤ የያዘው ግን ግማሹን ነው። «ምን አልሽ?»

«የኋላውን ነው የምልህ። ከፊት ስትመታ እንደ ወትሮው ይጮኻል፤ ኋላ ስትደርስ የቤት ግድግዳ የምትመታ ነበር የሚመስለው። የስፌት መኪናዬን አቁሜ ነው የሰማሁት። ብረት ደርበህበት ይሆናል ብዬ ተውኩት።»

ብርጭቆው አፉ ጋ ሳይደርስ ቆመ። የዚያ ወንዝ ጭቃ ታየው። የበሰበሰው ሻንሲ ውስጥ ገብቶ፣ በበጋው ፀሐይ ደርቆ፣ እንደ ሸክላ ጠንክሮ። በእጁ ላይ የነጠረለት ብረት አልነበረም፤ ከስስ ዝገት ጀርባ የተጠቀጠቀ ደረቅ ጭቃ ነው። ጆሮ ቢኖረው በመጀመሪያው ምት ያውቀው ነበር። የታመመው ቦታ ደግሞ ክብደቱን ከጎማው በላይ የሚሸከመው የኋላው ባሌስትራ የተያዘበት ነው። ገደሉ ላይ መኪናዋ በየጉድጓዱ ስትንገጫገጭ ጭነቱ ሁሉ በዚያ ላይ ይወድቃል፤ ብረቱ ከተቀደደ ጎማው ከቦታው ይወጣል፣ ከዚያ መንገድ ጠርዝ በታች ደግሞ አየር እንጂ መሬት የለም።

«ደውዪ!» አለ። «ለልጅቷ ደውዪ!»

ደወለች፤ ለሾፌሩም ደወለች። ከወንዙ ድልድይ ወዲያ ኔትወርክ የለም።

ግቢው ውስጥ ከቆሙት መካከል የምትነሳው አጭሯ አረንጓዴ ላንድሮቨር ብቻ ናት። አንድ ገበሬ የፊት መስተዋት ሊያስገጥምባት ትቷት ሄዷል፤ መስተዋቷ ገና አልመጣም። ባለጆሮው ዘሎ ገባ። ሚስቱም ሳይጠራት ከጎኑ ወጣች፤ ልብስ መለኪያ ሜትሯ ገና አንገቷ ላይ ነው። ተስፋቸው አንድ ነው። ሾፌሩ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ሞተር ሳያበርድ አይወርድም። እዚያ ካልደረሱበት አለቀ።

መስተዋት በሌለው መኪና አቧራ እየጠጡ ይበራሉ። እሱ መንገዱን ከሁለት ከፍሎ መሃሉን ይዟል። ከኋላው አንድ የጭነት መኪና መጣ፤ ክላክሱን አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያም ሳያቋርጥ ነፋ። ባለጆሮው ንቅንቅ አላለም። ሚስቱ ዞራ ስታይ የመኪናው አፍንጫ ወንበራቸው ላይ ሊወጣ ምንም አልቀረውም። መሪውን ይዛ ወደ ቀኝ ጎተተችው። ጭነት መኪናው እየተሳደበ አለፈ።

«አንተ ሰውዬ፣ አትሰማም እንዴ?» ብላ ጮኸች ፊቱ ላይ።

ከንፈሯን በጨረፍታ አይቶ ወደ መንገዱ ተመለሰ። «አልሰማም፣» አለ።

«ምን?»

«አልሰማም። ሁለት ዓመቴ ነው።»

ትከሻውን ነካ አድርጋ ከንፈሯን እንዲያይ አስገደደችው። «ልጄን የጫንካት በምንህ ሰምተህ ነው? ስምህ እንዳይቀርብህ ብለህ ልጄን?» ያን ብላ ግን እጇን ጉልበቱ ላይ አሳረፈች፤ ከዚያም አላነሳችም። ከኋላ መኪና ሲመጣ ቀኝ ጉልበቱን ትጫናለች፤ ከፊት በጥምዝ ክላክስ የሚነፋ ሲኖር ሁለቴ ትመታዋለች። ተቆጥታም፣ እያለቀሰችም፣ እንዲህ አድርጋ አደረሰችው።

አፋፉ ላይ ሲደርሱ የነጯ ኮፈን ገና መዘጋቱ ነው። ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቷል፤ ልጅቷ አንድ እግሯ ውስጥ፣ አንድ እግሯ ውጭ ነው። ባለጆሮው አጭሯን ከፊታቸው አግድም አቆማትና ወረደ።

«አትሄድም!» አለ።

ሾፌሩ ሳቀ። «ጋሼ፣ ጠዋት ትሄዳለች አላልክም እንዴ? ቃልህን ማጠፍ ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ተሳስቼ ነው። ዝጋት፣ ሞተሩን ዝጋ።»

«በረዶው እየቀለጠ ነው ጋሼ። ክትባቱ ከሞቀ ዋጋ የለውም፣ ታውቃለህ። ማዶ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ቆመዋል። አንተ የሰማኸውን ብረት እኔ ማን ነኝና እጠራጠራለሁ?» ብሎ ማርሽ ሊያስገባ እጁን ሰደደ።

ባለጆሮው የሾፌሩን ከንፈር እስከ መጨረሻው አየ። ሠላሳ ዓመት የገነባው ስም እዚያች ማርሽ ላይ ተቀምጧል፤ ዝም ካለ ስሙ ይተርፋል፣ ልጁ ትወርዳለች። 

«አልሰማሁም፣» አለ። «ጠዋት ምንም አልሰማሁም። ጆሮዬ አይሰማም። በእጄ ነው የገመትኩት።»

ሾፌሩ እንደ ቀልድ ወስዶት ወደ ልጅቷ ዞረ። እሷ ግን አልሳቀችም። ከመኪናው ወርዳ በአባቷ ጀርባ ዞረች፤ ሁለት እርምጃ ላይ ቆማ ሞተሩን በሚያሸንፍ ድምፅ ጠራችው።

«አባዬ!»

አልዞረም። ደግማ ጠራችው። እናቷ አፏን በእጇ ያዘች። እሱ ከሾፌሩ ፊት ላይ ሳቁ ሲጠፋ አየና አንድ ነገር እንደሆነ ገባው፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቀም። ሾፌሩ ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን አጠፋ።

ባለጆሮው መዶሻውን ከኪሱ አውጥቶ ለልጁ ሰጣት። ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ከመኪናው ሥር ገባች፤ እሱም ከጎኗ ተንጋለለ። ፊቷን ማየት ስለነበረበት ብረቱን አላየም። በጣቱ እያሳያት መታች።

«ይጮኻል፣» አለች። ፊቷ አልተለወጠም። «ይጮኻል። ይሄም ይጮኻል።»

የባሌስትራው መያዣ ጋ ሲደርሱ መታች፤ ደገመች። ቅንድቧ ሲሰበሰብ አየ። ከዚያ በኋላ ቃሏን አልጠበቀም። ካቻቢቴውን አወጣና ጫፉን ብረቱ ላይ አድርጎ ገፋው። እስከ እጀታው ሰመጠ። ሲነቅለው ደረቅ ጭቃ እየተፈረፈረ በሁለቱም ደረት ላይ ፈሰሰ። ልጅቷ እጇን ሰደደችና ካቻቢቴውን የያዘ እጁን ጨበጠችው፤ ለረጅም ጊዜም አለቀቀችውም።

በረዶው ግን ለማንም አይጠብቅም። የክትባቱን ሣጥኖች ወደ አጭሯ አዛወሩ። ሾፌሩ ወሬ አጥቶ ሲሸከም ያየ ሰው የለም፤ ያን ቀን ዝም ብሎ ተሸከመ። ልትሳፈር ስትል ልጅቷ ቆመች። ማንም ሳያዛት መዶሻውን ይዛ ከአጭሯ ሥር ገባች። ከፊት እስከ ኋላ ስንዝር በስንዝር መታች፤ እናቷ ከላይ፣ እሷ ከሥር ሰሙ። አባትየው አጎንብሶ የልጁን ፊት ያያል።

ወጣች። ጋዋኗን አራገፈች። እናቷን አየች፤ እናቷ አንገቷን ነቀነቀችላት።

«ትሄዳለች፣» አለች፣ አባቷ በደንብ እንዲያይ ቀስ ብላ።

መዶሻውን ኪሷ ከትታ ከሾፌሩ ጎን ተሳፈረች። አጭሯ ከባዱን ማርሽ ይዛ ገደሉን መውረድ ጀመረች፤ ከመጀመሪያው ጥምዝ በኋላ የሚታይ ነገር የለም። ባልና ሚስት ከታመመችው ነጭ መኪና ጎን አፋፉ ላይ ቆሙ። ከዚህ በኋላ የወላጅ ሥራ ሞተሩን ማዳመጥ ብቻ ነው፤ ያም ለእሱ አልተረፈውም።

«ይሰማል?» አላት።

«ይሰማል።»

ፀሐዩ አናታቸው ላይ ነበር። ሚስቱ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጣቷ ላይ እየጠቀለለች ወደታች ታዳምጣለች።

«አሁንስ?»

«ይሰማል። ሁለተኛውን ጥምዝ ዞሩ። በደህና ነው የሚወርዱት።»

ብዙ ቆዩ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቃት ወደ እሱ ዞረችና ከንፈሯን እንዲያይ ጠበቀችው።

«አሁን እኔም አልሰማም፣» አለችው። «እኩል ነን።»