ሁለቱ የጠቆሩ ክቦች

ዶክቶራ ሱሄር ሥራ ከመሄዷ በፊት ኮምፒውተሯን ከፍታ አንድ ቁጥር ታያለች። ቁጥሩ ከጨመረ ቀኑ ለቤቱ ሰው ሁሉ ጥሩ ነው። ዴር ግባር በሚባል የዐረብ አገር ሰፈር በሚገኘው ቪላዋ የምታገለግለው ዘሊኻ ዑስማን መጀመሪያ ላይ ነገሩ አልገባትም ነበር።

አንድ ቀን ዶክቶራዋ በስልክ «አርባ ኢስቲሽሃድ!» እያለች ስትፈነድቅ ሰማች። ዘሊኻ ዐረብኛ የጀመረችው ወሎ፣ ደጋን፣ ቁርኣን ቤት ነው፤ እዚያ ኢስቲሽሃድ ሸሂድ፣ ሰማዕት ሆኖ መሞት ነው። ሳህኑን አስቀምጣ፣ ሞት የሰማ ሰው እንደሚለው «ኢና ሊላህ» አለች። ዶክቶራዋ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። የሞተ ሰው የለም። ሌላ ተመራማሪ የእሷን ጥናት በጽሑፉ ሲጠቅስ እሱም ኢስቲሽሃድ ይባላል። እንደ እሷ ያለ የሞለኪውላር ባዮሎጂ ሰው ማዕረግ የሚያገኘው ጥናቱ በተጠቀሰበት ቁጥር ነው። ከዚያ ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሪኩ ይወራል፤ ዘሊኻም ሻይ እያቀረበች ትሰማለች። ጠዋት ጠዋትም «ዛሬ ስንት የሞተ ይመስልሻል?» መባል ለመደች።

ጥናቱ የተጀመረው በዚሁ ቤት፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። ዘሊኻና ታናሽ እህቷ ራህማ መንግሥት ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዐረብ አገር መሄድን ባገደ በዓመቱ፣ በሱዳን አቋርጠው ነው የመጡት። ራህማ ኡም ሱማቅ በሚባል ሌላ ሰፈር ተቀጠረች። አንድ ዓርብ እህቷን ልትጠይቅ መጥታ የወንድማቸው የዓብደላ ወሬ ተነሣ፤ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ኳስ ሲጫወት ወድቆ አልተነሣም። ዶክቶራዋ ሰምታ ወረቀት አመጣችና ቤተሰቡን ሣለች፤ ለሴት ክብ፣ ለወንድ አራት ማዕዘን፣ ለሞተ በላዩ ሰረዝ። ዘሊኻ፣ ዓብደላ፣ ራህማ፣ አገር ቤት የቀረው ጣሃ። ከዚያ ከሁለቱ እህትማማቾች ደም ቀዳች፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ላይ አስፈረመቻቸው። ውጤቱን የነገራቸው የለም፤ እነሱም አልጠየቁም።

ደም በሰጡ በአራተኛው ዓመት፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ራህማ ከሰው ስልክ ደወለች። ስዌፍየህ ሰፈር የገበያ ዕቃ ተሸክማ ስትሄድ ወድቃለች፤ በወር ውስጥ ሁለተኛዋ ነው። ማዳሟ ከሥራ ለመሸሽ ነው ብላታለች። ታምሜአለሁ ብላ አገሯ እንዳትገባ፣ እገዳው እያለ ዳግመኛ ወደ ሥራ መምጣት የለም።

ዘሊኻ ስልኩን ዘግታ ወደ መወልወሏ ተመለሰች። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ዩኒቨርሲቲው ለዶክቶራዋ ያበረከተላት፣ በመስታወት የተከፈፈ የጥናቱ ገጽ ተሰቅሏል። ዓመት ሙሉ ወልውላዋለች፤ አይታው ግን አታውቅም። እጇ መሐል ላይ ቆመ። ሰረዝ ያለበት አራት ማዕዘን፣ ዓብደላ። አጠገቡ ጥያቄ ምልክት ያለበት፣ ጣሃ። ሁለቱ ክቦች ሲሣሉ ነጭ ነበሩ። አሁን ጠቁረዋል።

«ዶክቶራ፣ እነዚህ እኛ ነን?»

ዶክቶራዋ ቦርሳዋን እንደያዘች ቆመች። ስማችሁ የለበትም፣ በቁጥር ብቻ ነው፤ የፈረማችሁበት ወረቀትም ውጤት አይነገርም ይላል አለች። ዘሊኻ ጥቁሩ ምን እንደሆነ ጠየቀች። የልብ ምት የሚያዛባ፣ በዘር የሚተላለፍ ችግር ያለበት ሰው ነው አለቻት። ችግሩ አንዳንዱን ይገድላል። ሐኪም አይቶ የሚያዘው ክኒን አለ፤ በየቀኑ የሚዋጥ።

«ካወቁት ስንት ጊዜዎ ነው?»

«ሦስት ዓመት።»

ዘሊኻ የራህማን ማዳም አሁኑኑ እንድታነጋግርላት ለመነች። ዶክቶራዋ ሰዓቷን አየች። ነገሩ ከተሰማ የቤት ሠራተኞችን ደም በማን ፈቃድ ቀዳሽ ይሏታል፤ የፕሮፌሰርነት ማዕረጓን የሚወስነው ኮሚቴ ደግሞ እሑድ ይቀመጣል። «እሑድ ከሰዓት ራሴ ሆስፒታል እወስዳታለሁ» አለች። «ሦስት ቀን ነው።»

ዘሊኻ አመነቻት። ዓርብ፣ ራህማ ስልኳ በሚሰጣት ቀን፣ ሁሉንም ነገረቻት፤ ከባድ ነገር እንዳትሸከም አደራ አለቻት።

«ዘሊዬ፣ እስከ እሑድማ አልሞትም» ብላ ሳቀችባት ራህማ። «ማዳሜ ነገ ምንጣፍ አለብሽ ብላኛለች፤ ማን ያጥብላት?»

ቅዳሜ ምንጣፉን ተሸክማ ወደ ሰገነቱ ስትወጣ ደረጃው ላይ ወደቀች። እሑድ ሰሃብ በሚገኘው መቃብር ተቀበረች። በዚያው እሑድ ኮሚቴው ተቀምጦ ዶክቶራዋን ፕሮፌሰር አደረጋት።

ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩ እንደወትሮው ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል። ዶክቶራዋ አልቀለደችም። ቁጥሩን ያነበበችው ዘሊኻ ናት።

«አንድ መቶ ኀምሳ አንድ ይላል» አለች። «አንድ የሞተ ጎድሎታል።»

ዶክቶራዋ ኮምፒውተሩን ከደነችው። ዘሊኻ ከማቀዝቀዣው ላይ የገበያ ዝርዝር የሚጻፍበትን ደብተር አውርዳ ፊቷ አስቀመጠች።

«የበሽታውን ስም ይጻፉልኝ፤ የክኒኑንም። ለእኔም ለጣሃም ነው፤ እሱ አልተመረመረም።»

ዶክቶራዋ ጻፈች። ዘሊኻ እያስነበበቻት ከሥሩ በአማርኛ ፊደል ገለበጠችው።

«አሁን ይፈርሙ።»

«ለምን?»

«እኛ ፈርመን የለ።»

ዘሊኻ ከአጠገቧ አልሄደችም። በመጨረሻ ዶክቶራዋ ፈረመች። ዘሊኻ ወረቀቱን ቀድዳ ጡቷ ሥር ከተተችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ክፈፉን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አልወለወለችውም።